አስናቀች የተለቀሰላት ቀን

ባለፈው ሰሞን ቡሬ ውስጥ መድኃኒት ቤት ገብቼ የደም ግፊት ኪኒኔን ለመግዛት ተራ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ካልሲውን አወለቀና ቁርጭምጭሚቱን በዚያ በሚያቃጥለው የጡንቻ ቅባት ያሽ ጀመር። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ዓይኔ እንባ አቀረረ። መድኃኒት ሻጯ ልጅ «አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። ሌላው ሰው የቤትህን ሽታ አስታውስ ቢባል በርበሬ ወይም አሪቲ ይላል፤ የእኔ ቤት ግን ለብዙ ዓመት የሚሸተው ይህንኑ ቅባት ነበር። ትራሱም፣ ፎጣውም፣ የሕፃኗ መታቀፊያ ሳይቀር። ደንበኞቼ አዲስ የሰፋሁላቸውን ሱሪ ተቀብለው እያሸተቱ «ምነው፣ ቤትህ የታመመ ሰው አለ እንዴ?» ይሉኛል። «የለም፣ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ናት ያለችው» ስላቸው ግማሾቹ ይስቃሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ በሐዘኔታ ያዩኛል። ለመድኃኒት ሻጯ ይህን ሁሉ መንገር ስላልቻልኩ ኪኒኔን ተቀብዬ ወጣሁና መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጥቂት ቆየሁ።

ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ፍኖተ ሰላም፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከአንድ ሸቀጥ ሱቅ በረንዳ ላይ በእግር የምትረገጥ መኪናዬን ተክዬ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ እንደ ዛሬው ባጃጅ ከተማውን አልወረሰውም፤ ጋሪ ነበር፣ የፈረሱ ቃጭል ከሩቅ ይሰማል። መንግሥት ተለውጦ ሰዉ አዳዲሱን ቃል እየለመደ ያለበት ዘመን ነው፤ እኔ ግን ይበልጥ ትዝ የሚለኝ ሻይ በሃምሳ ሳንቲም መሆኑና፣ ሱሪ ለማሳጠር ሁለት ብር ስጠይቅ ደንበኛው «አበዛኸው» ብሎ የሚጨቃጨቀኝ ነው። ማንጎ በቅርጫት እየመጣ በመደብ በመደብ ይሸጣል፤ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አውቶቡስ ሲቆም ተሳፋሪው በመስኮት እጁን ዘርግቶ ይገዛል። ጎረምሳው ታቹ የሰፋ ሱሪ አሰፍቶ ይሄድና በዓመቱ ያንኑ ሱሪ አጥብብልኝ ብሎ ይመለሳል። ልጃገረዶቹ በኮንጎ ጫማ ላይ ነጭ ካልሲ ያደርጋሉ። ፊት ለፊቴ ያለው ካሴት ቤት ጠዋት የከፈተውን ዘፈን እስከ ማታ ስለሚያስጮኸው እግሬ መኪናዋን የሚረግጠው በዘፈኑ ምት ነበር። ለስላሳ ዘፈን የተከፈተ ቀን ሥራዬ ይጓተታል፤ እስክስታ የሚያስመታ የተከፈተ ቀን ደግሞ ጣቴን በመርፌ እወጋለሁ። ዛሬ ያ ካሴት ቤት ሞባይል መጠገኛ ሆኗል፣ ልጆቹም ሱሪያቸውን ተሰፍቶ ያለቀ ነው የሚገዙት።

አስናቀችን ያመጣልኝም ይኸው ሥራዬ ነው። በከተማችን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ሲቋቋም የተላከላቸው መለያ ለጎልማሳ ወንድ የተቆረጠ ነበርና፣ አሠልጣኙ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ አምጥቶ በረንዳዬ ላይ ዘረገፈው። ልጆቹ ተራ በተራ እየመጡ ይለኩ ጀመር። በእኛ አገር ቁምጣ የወንድ ነው፤ የጎጃም ገበሬ ቁምጣውን ታጥቆ ያርሳል፣ ቁምጣውን ታጥቆ ገበያ ይወጣል። ለሴት ግን ሰፍቼም አላውቅ። ሜትሬን ይዤ ዓይኔን የማሳርፍበት አጥቼ ስቁነጠነጥ፣ ከቡሬ ዙሪያ ገጠር የመጣች አንዲት ቀጭን ልጅ «ጋሼ፣ ስፌቱ እንዳይተረተር አድርገው ይስፉልኝ እንጂ ሌላው አያስጨንቅዎት» አለችኝ። አስናቀች እሷ ነበረች። ከተጋባን በኋላ እንኳ የተቆጣችኝ ቀን «ጋሼ» ነው የምትለኝ።

ስፌቴ መያዙን ላረጋግጥ ብዬ የጨዋታው ዕለት ወደ ሜዳው ወረድኩ። ኳሷ ከላይ ስትመጣ አስናቀች ደረቷ ላይ አሳረፈቻትና ሳትቆም ዞረች። ሁለቱ ተከላካዮች ወደ ቀኝ ሄዱ፣ እሷ ወደ ግራ፤ ቀና ሲሉ የለችም። እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው የሰው ገላ ይህን ማድረግ ይችላል ብሎ አያስብም። ገላ ማለት ለእኔ የወገብና የትከሻ ልክ ነበር። ያን ቀን ግን ገላ ሲያስብ አየሁ። ስፌቴን ማየት ረሳሁት፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህ ተመልሶ በደንብ የተዘጋ አይመስለኝም።

ተጋባን፣ ትርንጎ ተወለደች። ትርንጎ ድክ ድክ ስትል፣ ገና ጡት ሳትጥል፣ ለአስናቀች ከአዲስ አበባ የብሔራዊ ቡድን ጥሪ መጣ። ለሳምንታት ካምፕ ይገባል፣ ከዚያ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሰው አገር ሄዶ መጫወት ነው። ልጅ ይዞ ካምፕ መግባት የለም። የአስናቀች እናት በልጅነቷ ሞተውባታል። እኔም ልጅ አቅፌ መኪና ልረግጥ ሞክሬ፣ ትርንጎ መቀሱን አፏ ውስጥ ስትከት ተውኩት። ልጅቷን የሚይዝልን ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለች መንደር ከታናሽ ወንድሜ ጋር የሚኖሩት እናቴ፣ ወይዘሮ ጥሩአየሁ። እሳቸው እሺ ካሉ አስናቀች ትሄዳለች፤ እምቢ ካሉ ኳሱ እዚያ ላይ ያበቃል።

እናቴ እሺም እምቢም አላሉም። የእኛ አገር ሰው የከበደውን ነገር ፊት ለፊት መናገር ብልግና ይመስለዋል፤ አማት ምራቷን የምትወቅሰው ለሕፃን እየነገረች ነው። እናቴም ትርንጎን ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ፣ አስናቀች እዚያው አጠገባቸው ሽንኩርት ትልጣለች። «ትርንጎዬ፣ እናትሽ ቁምጣዋን ታጥቃ አገር ልታይ ነው አሉ። እኔና አንቺ ምን ቸገረን፣ ሽሯችንን እየበላን እንጠብቃታለን» ይላሉ። አስናቀችም የገጠር ልጅ ናትና በዚያው መንገድ ትመልሳለች፤ «ትርንጎ፣ እናቴ የምትሄደው አገር ልታይ አይደለም በያቸው።» ሕፃኗ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያየች ትስቃለች። ሁለቱ ከሠርጉ ጀምሮ ከሰላምታ በቀር አንዲት ቃል በቀጥታ ተነጋግረው አያውቁም። ትርንጎ ሳትወለድ በፊት በድመታችን በኩል ነበር የሚነጋገሩት። በመጨረሻም እናቴ ልጅቷን አዝለው ሊሄዱ ሲነሡ «ትርንጎዬ፣ እስኪ እንሞክረው፤ የከፋሽ ዕለት የምወቅሰው ሰው አላጣም» አሉ። ይህ እሺ መሆኑን አስናቀችም እኔም ገባን።

አሁን ሳስበው ያን ኑሮ እንዴት እንደቻለችው ግራ ይገባኛል። ቤት ባለች ጊዜ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ቱታዋ ላይ ነጠላ ትደርባለች። ከከተማ እስክትወጣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ትመስላለች፤ የጅጋን መንገድ ስትይዝ ነጠላውን ወገቧ ላይ አሥራ ትሮጣለች። ልጅቷን እናቴ በመራራው የግራዋ ቅጠል ጡት አስጣሏት፤ እናቲቱን የሚያስጥል መድኃኒት ግን አልነበረም፣ ካምፕ የምትገባበት ቀን ደርሶ ጡቷ ወተት ያፈስ ነበር። ከጠንካራ አቡጀዲ ደረቷን አጥብቆ የሚይዝ ሰደርያ ሰፋሁላት። በዚያ ሰደርያ ነው ከአገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች ጋር ለቦታ የተጋፋችው፤ ሕመሟን ለማንም አልተናገረችም። ዕረፍት ሲሰጡ ጓደኞቿ ፒያሳ ሲወጡ እሷ አውቶቡስ ትይዛለች። የዓባይን በረሃ ወርዳ ወጥታ፣ ፍኖተ ሰላም አድራ፣ በማግሥቱ እናቴ ቤት ትደርስና ግማሽ ቀን ከልጇ ጋር ውላ ትመለሳለች። ያችኑ ግማሽ ቀን እንኳ ቁጭ ብላ አታሳልፋትም። ወንድሜ እንደነገረኝ ትርንጎን ጤፍ ማሳው ዳር አስቀምጣ፣ እያጫወተቻት የእናቴን ጤፍ ታርም ነበር። እናቴ በራፍ ላይ ቆመው ያዩዋታል። ዛሬ ጉልበቷን ሲያማት ደረጃ ለመውጣት ክንዴን ትይዛለች፤ እኔም ይህ ጉልበት ምን ያህል አገር እንደተሸከመ እያሰብኩ ቀስ ብዬ እወጣለሁ።

ከዚያ ቡድኑ ወደ አንዲት ሩቅ የአፍሪካ አገር በረረ። ጨዋታውን ሻይ ቤት በሬዲዮ ሰማነው፤ ከቦታ ጥበት ሰዉ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። አንዷን ያገባችው ግን አስናቀች ናት። የሬዲዮው ሰው «አስናቀች ጫኔ» ብሎ ከነአባቷ ስሟን ሲጠራ፣ የእኔው ሚስት፣ ጎረቤት በርበሬ ያበደረቻት፣ አገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲሰማት፣ ብድግ ብዬ ቆምኩ። ሻይ ቤት ላለው ሰው ሁሉ ሻይ ጋበዝኩ። የተሸነፍን መሆናችንን ያስታወሰኝ የለም።

በዚያው ምሽት እናቴ መንደር አያ ደምሴም ሬዲዮ ከፈቱ። አያ ደምሴ በመንደሩ ሬዲዮ ያላቸው ብቸኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ባትሪው እንዳያልቅ ቀን ፀሐይ ላይ አስጥተው ማታ ለወሬ ሰዓት ብቻ ነው የሚከፍቱት። ገና ድምፁን ሲያስተካክሉ «አስናቀች ጫኔ» የሚል ሰሙና ወዲያው ዘጉት። እዚያ መንደር የሚያውቁት ሰው ስም ከነአባቱ በሬዲዮ ሲጠራ የተሰማው ለሞት ማስታወቂያ ብቻ ነበር። መርዶ ደግሞ ብቻን አይሰማም፤ ማታም አይነገርም፣ ሐዘንተኛው እራቱን በልቶ ይተኛ ይባላል። እናም አያ ደምሴ ቤት ለቤት ዞረው ለሽማግሎች በሹክሹክታ ነገሩ። ከመካከላቸው «ሬዲዮው ምን አለ? እንዴት ሆነች?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ በእንዲህ ያለ ሰዓት ዝርዝር መጠየቅ ነውር ነው። ጎህ ሲቀድ የእናቴን ደጅ ሞሉትና አረዷቸው። ከዚያ በሥርዓቱ መሠረት መርዶውን የመስማት ተራው የእኔ፣ የባሏ ሆነ።

እኔ ጠዋት ፀሐይ እየሞቅሁ፣ ትናንት ማታ የተነገረኝን ሙገሳ እያላመጥኩ፣ በካሴት ቤቱ ዘፈን ምት መኪናዬን እረግጣለሁ። ቀና ስል ከቡሬ የመጣ መኪና ሰው አራገፈ። እናቴ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው፣ ፊታቸው አብጦ፣ ከኋላቸው ሽማግሎች። ጀርባቸውን አየሁ፤ ትርንጎ የለችም። ለጎረቤት ሰጥተዋት መምጣታቸውን በኋላ ነው ያወቅሁት፤ ያን ጊዜ ግን ከወንበሬ ተስፈንጥሬ ተነሣሁ።

«ትርንጎ ናት?» አልኩ።

«ልጂቱስ ደኅና ናት» አሉኝ አያ ደምሴ።

«እንግዲያ ማን ነው?»

«ቻለው ልጄ። አስናቀች ናት።»

ሳቄ መጣ። ልቆጣጠረው አልቻልኩም። አስናቀችማ ትናንት ማታ ጎል አግብታለች፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ለሰው ሁሉ ሻይ ጋብዣለሁ እያልኩ እየሳቅሁ እንባዬ ይወርዳል። ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንደኛው ቀስ ብለው መቀሴን ከጠረጴዛው አነሡት። ሐዘኑ አናቴ ላይ የወጣ መስሏቸው ነው። ሻይ ቤቱ ባለቤት መጥቶ መሰከረ፣ ሻይ የጠጡት ሁሉ መጥተው መሰከሩ። በመጨረሻ አያ ደምሴ መሬት ላይ ቁጭ ብለው «ስሟን ሲጠራው ዘጋሁት እኮ» አሉ፤ ደግመው ደጋግመው እሱኑ።

ሁሉም ሲስቅ እናቴ አልሳቁም። ነጠላቸውን አቃንተው የደንበኛ ወንበሬ ላይ ተቀመጡና «አለች?» አሉኝ። አለች አልኳቸው። ያን ጊዜ ከሐዘኑ የበለጠ አለቀሱ። ጎንበስ ብዬ ልይዛቸው ስል ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ተቡሬ እስተዚህ ላለቅስላት ፈለግሁ፤ የማነሣው ነገር አጣሁ። ሰው ሲሞት ‹እንዲህ ብላኝ፣ እንዲህ ብያት› እየተባለ አይደል የሚለቀስ? እኔ አንድ ቀን አንቺ ብዬ አናግሬያት አላውቅ። በአፌ የያዝኩት ቃል የላትም» አሉኝ።

አዲስ አበባ ከገባች በኋላ አስናቀች ወደ ፍኖተ ሰላም ቴሌ ደወለች፤ መልእክተኛ መጥቶ ጠራኝ። እናቴ ከተማው ቆይተው ነበርና ተከተሉኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳትና መነጋገሪያውን ለእናቴ ሰጠሁ። በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ያዙት። አስናቀች ወዲያ ማዶ «ሃሎ፣ እማማ? ሃሎ?» ትላለች። በመሀላቸው ትርንጎ የለች፣ ድመት የለች። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። መልሰው ሰጡኝ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነበር አስናቀች በአውቶቡስ የደረሰችው። ወንድሜ ትርንጎን ከገጠር አምጥቷት ነበር። እናቷ ከበር ገብታ ክንዷን ስትዘረጋ ልጅቷ ጮኸች፤ ሮጣ የእናቴ ቀሚስ ውስጥ ፊቷን ቀበረች። አስናቀች፣ በብዙ ሰው ፊት የማትፈራዋ ሴት፣ እዚያው እንደቆመች ቀረች። ቦርሳዋን ፈታች፣ ታኬታ ጫማዋን አወጣች፣ በፌስታል ጠቅልላ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ለቡድኑ ልጆች ስጥልኝ። በቃኝ» አለች። «ልጄ ሰው ስትፈራ የምትሸሸው ከእኔ ነው። እማማን ደግሞ በሕይወት እያለሁ መርዶዬን አሰማኋቸው።»

ያን ፌስታል ይዤ ቆምኩ። ውስጤ ግን ይጮኽ ነበር፤ ያ ሜዳ ላይ ያየሁት ነገር በእኛ ቤት ጓዳ ሊቀበር ነውና። እናቴን አየሁ። አሁን «ትርንጎዬ» ብለው ይጀምራሉ፣ ለልጅቷ እየነገሩ ነገሩን ያትሙታል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ትርንጎን ከጭናቸው አንሥተው ለእኔ አቀበሉኝ፤ እጃቸውም መሀላቸውም ባዶ ሆነ።

«አስናቀች፣ ቀና በይ» አሉ።

ስሟን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አስናቀች ቀና አለች።

«ልጂቱ ሁለት ቀን ታኮርፍሻለች፣ ተዚያ ትለምድሻለች፤ ለእሷ አትስጊ፣ እኔ አለሁ። እኔ አንቺን አልቅሼ ቀብሬሻለሁ። ተዚህ በኋላ የምፈራልሽ ነገር የለኝም። አሁን እኔን ፈርተሽ ኳሱን ብትተዪ ግን ያለቀስኩት እውነት ይሆንብኛል። ጫማሽን ተቀበዪውና ሂጂ።»

አስናቀች ጉልበታቸውን ልትስም ተደፋች። እናቴ ትከሻዋን ይዘው አቀኗትና ግንባሯን ሳሟት። እኔ በአንድ እጄ ልጅ፣ በሌላው ታኬታ ይዤ፣ ሁለቱን አያለሁ። የሰው ገላ የሚችለውን ያሳየችኝ ሚስቴ ነበረች፤ የሰው ልብ የሚችለውን ደግሞ ያን ቀን እናቴ አሳዩኝ።

ከዚያ ብዙ ዓመት ተጫወተች። ትርንጎ ዛሬ ባሕር ዳር የራሷን ልጆች ታሳድጋለች፤ እናቴ አርፈዋል፣ ሲለቀስላቸው አስናቀች የምታነሣው ቃል አላጣችም። እኔ ግን የሚታየኝ ከዚያ ቀጥሎ ለካምፕ የተጠራች ዕለት ነው። አስናቀች ትርንጎን አዝላ ከፊት ትሄዳለች፣ እናቴ ቦርሳዋን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ይከተሏታል። አማት የምራቷን ዕቃ ስትሸከም ያየ ሰው ፍኖተ ሰላም ውስጥ አልነበረም። የጋሪው ነጂ ወረደ፣ ማንጎ ሻጮቹ ተነሡ፣ «ልቀበልዎ እማማ» ያላቸው ስንት ሰው ነው። «ተዉኝ፣ የልጄ ነው» እያሉ አለፉ። አውቶቡሱ የጅጋን መንገድ ይዞ እስኪሰወር ትርንጎን ታቅፈው ቆሙ። እኔም መኪናዬን ትቼ ከኋላቸው መጥቼ ነበር፤ አላዩኝም። ጎንበስ ብለው በልጅቷ ጆሮ «ትርንጎዬ፣ እናትሽ ልትጫወት ሄደች» አሏት። ዙሪያቸውን አየሁ፤ እንዲሰማላቸው የፈለጉት ሌላ ሰው አልነበረም።